ሞሪስ ራቬል፦ እየሰማ መጻፍ የተሳነው የሙዚቃ ደራሲ

«ቦሌሮ»ን የደረሰው ፈረንሳዊው ሞሪስ ራቬል በ1933 እ.ኤ.አ. በሴን ዣን ደ ሉዝ ባሕር ሲዋኝ እጅና እግሩ አልታዘዝ አለው። ባለፈው ዓመት በፓሪስ የታክሲ አደጋ ስለደረሰበት ብዙዎች ሕመሙን ከዚያ ጋር ያያይዙታል፤ ይሁንና የመጻፍ ችግሩ ከአደጋው አስቀድሞ መታየት ጀምሮ ስለነበር ግምቱ ጽኑ መሠረት የለውም።

የነርቭ ሐኪሙ ቴዎፊል አላዡዋኒን ሲመረምረው የራቬል ጆሮ አልደነዘዘም ነበር። የሚያውቃቸውን ዜማዎች ወዲያው ይለያል፤ የራሱ ድርሰት ሲጫወት ከኖታው ወይም ከምቱ ትንሽ ዝንፍ ቢል ይነቃበታል፤ የፒያኖ ቅኝት መበላሸትም አያመልጠውም። ነገር ግን የሰማውን ድምፅ በስሙ መጥራት፣ ኖታ እያየ መጫወት፣ በጆሮው የገባውን በእጁ መጻፍ እጅግ ከበደው። በቃሉ የያዘውን መጫወት በአንጻሩ ይቀለው ነበር። የተጎዱት እንግዲህ የስሜት ሕዋሳቱ ሳይሆኑ፣ የአንዱን መልእክት ለሌላው የሚያስተላልፈው የአንጎል ሥራ ነበር ማለት ይቻላል። ትውስታውና የሥነ ጥበብ ፍርዱ ስላልደበዘዙ ውድቀቱን ራሱ ይከታተል ነበር፤ የሕመሙ መራራ ገጽታም ይኸው ነው። ስለ ዣን ዳርክ ያሰበውን ኦፔራ በውስጡ እንደሚሰማው ለወዳጆቹ ቢነግርም በወረቀት ላይ አላሰፈረውም።

በዲሴምበር 1937 ቀዶ ሐኪሙ ክሎቪስ ቬንሳን የራስ ቅሉን ከፍቶ ዕጢ ቢፈልግ አላገኘም። አንጎሉ ከሞተ በኋላ ስላልተመረመረ በበሽታው ስም ላይ የተነሣው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም። ራቬል ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለአጭር ጊዜ ነቅቶ ዳግም ራሱን ሳተ፤ በዚያው ወር በ28ኛው ቀን፣ በ62 ዓመቱ ዐረፈ።