በእጅ የተሠራች አይሮፕላን፤ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ሕይወት

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ መንገደኛ ቃሊቲን ሲያልፍ የሚያየው ፋብሪካ፣ መጋዘንና የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ በአቃቂ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች የሚነሡበትና የሚያርፉበት ሜዳ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ግን ከመካከላችን ብዙ አይገኝም። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የአገራችንን አየር ኀይል በአዛዥነት የመሩት ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነበሩ። ስማቸው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ጀግንነታቸው ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ከጀግንነታቸው በፊት የነበረውን ሙያቸውን ነው። ሮቢንሰን አብራሪ ከመሆናቸው አስቀድሞ ባለ እጅ ነበሩ፤ ወደ ሰማይ የሚያደርሰውን በር ያንኳኩትም ከጓደኞቻቸው ጋር በገጣጠሟት በአንዲት ትንሽ አይሮፕላን ነበር። በአሜሪካ የሆነውን በአውሮፓ አቈጣጠር፣ በአገራችን የሆነውን በራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ሮቢንሰን በሃያኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ በፍሎሪዳ ተወለዱ። አባታቸው በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ እናታቸው ይዘዋቸው ወደ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ገልፍፖርት ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሄዱ፤ በዚያም አደጉ። በዚያን ዘመን በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ጥቁርና ነጭ በትምህርት ቤት፣ በባቡርና በምግብ ቤት ተለያይተው ይኖሩ ነበር። አንድ ጥቁር ልጅ አይሮፕላን እነዳለሁ ቢል ነጩ ይስቅበታል፣ የገዛ ወገኑም ያዝንለታል። ሮቢንሰን ግን ወደ አላባማ ሄደው ቡከር ዋሽንግተን በ1881 ባቋቋሙት በተስኪጊ ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት ተማሩ። ተስኪጊ ተማሪው ከመጽሐፉ ጋር መዶሻና መጋዝ እንዲይዝ የሚያስገድድ ትምህርት ቤት ነበር።

ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ ወደ ሰሜን ወጥተው በሺካጎ በጋራዥ ሥራ ይተዳደሩ ጀመር። በዚያው ከተማ ከርቲስ ራይት የሚባል የታወቀ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበረ። ሮቢንሰን ለመግባት ቢጠይቁ በቀለማቸው ምክንያት አልተቀበሏቸውም። እንደሚተረከው ከሆነ ሮቢንሰን አልተመለሱም፤ በትምህርት ቤቱ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ማታ ማታ መጥረጊያቸውን ይዘው ከክፍሉ ጥግ እየቆሙ መምህሩ የሚለውን ያዳምጡ፣ በሰሌዳው ላይ የቀረውንም ጽሑፍ ከማጥፋታቸው በፊት ይገለብጡ ነበር። የለቀሙትንም ለብቻቸው አልያዙትም። እንደ እርሳቸው መካኒክ የነበሩትን ጓደኛቸውን ኮርኔሊየስ ኮፊንና ሌሎች ጥቁር ወጣቶችን ሰብስበው አንድ የጥናት ማኅበር አቋቋሙ።

ማኅበሩ በወሬ ብቻ እንዳይቀር አንድ አይሮፕላን ለመሥራት ተነሣ። የመረጧት ሂዝ ፓራሶል የምትባለውን ነበር። ይህች አይሮፕላን በዚያው በሺካጎ በኤድ ሂዝ ድርጅት የተነደፈችና ሀብት የሌለው ሰው ክፍሎቿን ገዝቶ በቤቱ እንዲገጣጥማት የታሰበች ስትሆን፣ ንድፏ በመጽሔት ላይ ሳይቀር ታትሞ ይሸጥ ነበር። ፓራሶል ማለት የፀሐይ ጃንጥላ ማለት ነው፤ ክንፏ ከአብራሪው ራስ በላይ ተዘርግቶ ጥላ ስለሚሆን ይህ ስም ተሰጣት። የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። አካሏ ከቀጭን የብረት ቱቦ፣ ክንፏ ከእንጨት ይሠራል፤ በላዩ ጨርቅ ይወጠርና ጨርቁ እንዲጠብቅና አየር እንዳያሳልፍ ልዩ ቅባት ተደጋግሞ ይቀባል። ሞተሯ አብዛኛውን ጊዜ ከሄንደርሰን ሞተር ሳይክል የተወሰደ ነበር፤ ጉልበቱም ከ30 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም።

ነገሩ ሲወራ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የክንፉ አጥንቶች ሁሉ አንድ ልክ ካልሆኑ ክንፉ ይጣመማል፤ የተጣመመ ክንፍ አንደኛው ወገን ከሌላው ያነሰ ስለሚያነሣ አይሮፕላኗ ወደ ጎን ትወድቃለች። ክብደቱ ወደ ጭራ ካደላ አፍንጫዋን ሽቅብ ትሰቅልና ፍጥነቷን ታጣለች። እንዲህ ያለው ስሕተት በፈተና ወረቀት ላይ ነጥብ ያስቀንስ ይሆናል፤ በአየር ላይ ግን ሰው ይገድላል። እነዚያ መካኒኮች የሠሯትን አይሮፕላን ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ መጥቶ መረመራት፤ ከዚያም ተቀምጦ አበረራት። ለሕይወቱ የሚሳሳ ሰው ባልታመነ ሥራ ላይ አይወጣምና፣ ይህ በረራ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት የበለጠ ምስክር ነበር።

መምህሩ ስለ እነርሱ ተከራከረላቸው። የመኪና ነጋዴ የነበረው አሠሪያቸውም ትምህርት ቤቱን በሕግ እጠይቃለሁ ብሎ እንደ ደገፋቸው ይነገራል። በመጨረሻ ሮቢንሰንና ኮፊ ገብተው በ1931 ተመረቁ። ወዲያው ለሌሎች ጥቁር ተማሪዎች አስተማሪዎች ሆኑ። ቻሌንጀር የተባለውን የአብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ የነጮቹ ሜዳ ስለ ተከለከለባቸውም ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ የራሳቸውን ማረፊያ አበጁ። በ1933 ዐውሎ ነፋስ የአይሮፕላን ቤታቸውን ሲያፈርሰው ወደ ሌላ ሜዳ ሄደው ቀጠሉ። በ1934 ደግሞ ሮቢንሰን ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ወደ ተስኪጊ በርረው የበረራ ትምህርት እንዲከፈት አሳሰቡ።

በዚህ ጊዜ ነበር የሙሶሊኒ ዝግጅት በዓለም ጋዜጣ ላይ የታየው። በአሜሪካ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን ለኢትዮጵያ ሙያተኛ ይፈልጉ ነበርና ከሮቢንሰን ጋር ተገናኙ። ነገር ግን ለጥቁር አብራሪ ስም መልካም ጊዜ አልነበረም። ከእርሳቸው አስቀድሞ የመጣው ሁበርት ጁልያን የተባለ በፓራሹት ዝላዩ የታወቀ ሰው፣ በ1923 ዓ.ም. ለዘውዱ በዓል ዝግጅት ሲደረግ የንጉሠ ነገሥቱን ውድ አይሮፕላን አንሥቶ ከስክሷት ነበር። እንግዲህ ሮቢንሰን በግንቦት 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርሱ የሌላውንም ሰው ዕዳ ተሸክመው ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ዕዳ በንግግር ሳይሆን በሥራ ከፈሉ፤ በዚያው ክረምት ውስጥ የአየር ኀይሉ አዛዥነት ተሰጣቸው።

የተረከቡት ምን ነበር? የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፈረንሳዊው ፖቴዝ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነበር፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለው። በ1922 እና በ1923 ዓ.ም. መካከል ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ብቻቸውን ለማብረር የበቁ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የተገኙት አይሮፕላኖች ሁሉ ተደምረው በደርዘን የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ከዚያም ውስጥ የሚበርሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ለጦርነት የተሠራ መሣሪያ አልነበራቸውም። ጣሊያን ያሰለፈው ግን በመቶ የሚቈጠር ነበር።

በዚህ ላይ አገሩ ራሱ ለአይሮፕላን ይከብዳል። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ይበልጣል። በከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ረጅም ሩጫ ያስፈልገዋል። መለዋወጫ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚፈለገው አዛዥ ከአንዱ የተሰበረ ሞተር ፈትቶ ለሌላው የሚገጥም፣ የተቀደደውን ክንፍ ጠግኖ የሚወጥር ሰው ነው። የሺካጎው ጋራዥና የፓራሶሏ ሥራ ያስተማራቸው ይህንኑ ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አይሮፕላኖች አድዋን በቦምብ ሲደበድቡ ሮቢንሰን መልእክት አድርሰው በዚያው ነበሩ። ያዩትንም ለዓለም አስታወቁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት መሣሪያ በሌለው አይሮፕላን በአዲስ አበባና በጦር ግንባሩ መካከል እየተመላለሱ መልእክትና መድኀኒት አደረሱ፣ የጠላትንም አሰላለፍ ቃኙ። የጠላት አይሮፕላን ሲያሳድዳቸው መከላከያቸው ተራራውና ደመናው ብቻ ነበር። በዚሁ ሥራ ላይ ቆስለዋል።

እርሳቸው በሰሜን ሲመላለሱ በአቃቂ ሌላ ታላቅ ሥራ ይሠራ ነበር። ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር፣ ኦስትሪያዊው ኤሪክ ማይንድል የነደፏትን አይሮፕላን አብነት አድርገው፣ በአገራችን የመጀመሪያዋን አይሮፕላን ገነቡ። በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ ተባለች፤ በ1928 ዓ.ም. በጦርነቱ መካከል ከአቃቂ ሜዳ ተነሥታ በረረች። የጠላት ጦር ሲገባ ተማርካ ወደ ጣሊያን አገር ተወሰደች፤ በዚያም በሙዚየም ለብዙ ዘመን ታየች። ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። በሺካጎ የተሠራችው ፓራሶልና በአቃቂ የተሠራችው ፀሐይ በመጠንም በዓላማም ይለያያሉ። አንድ ነገር ግን ያገናኛቸዋል፤ ሁለቱም አይችሉም የተባሉ ሰዎች፣ ሌላው የነደፈውን ወስደው በእጃቸው እንደገና ሠርተው እንደሚችሉ ያሳዩባቸው ናቸው።

ሮቢንሰን ጠላት አዲስ አበባን ከመያዙ ጥቂት ቀደም ብለው ወጡ። ሺካጎ በገቡ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። እርሳቸው ግን በሰልፍና በእልልታ አልታለሉም፤ በስማቸው የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ከፍተው ወደ ማስተማሩ ተመለሱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለአሜሪካ አየር ኀይል መካኒኮችን አሠለጠኑ። በ1944 ከጥቂት ጥቁር ባለሙያዎች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ወጣቶችን ማስተማር ጀመሩ።

ፍጻሜው ግን እንደ ተረት አማረ አይባልም። አየር ኀይሉን ለማደራጀት ስዊድናውያን በተጠሩ ጊዜ ሮቢንሰን ከኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር ተጋጭተው ከኀይሉ ወጡ። ቢሆንም አገሩን አልለቀቁም፤ በበረራ ሥራ ቀጠሉ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ያበርሯት የነበረችው ትንሽ አይሮፕላን ተከሰከሰች። አብሯቸው የነበረው መሐንዲስ ጣሊያናዊ ነበር፤ እርሱም በአደጋው ሞተ። ሮቢንሰን በቃጠሎ ተጎድተው ሁለት ሳምንት ያህል ከታመሙ በኋላ መጋቢት 18 ቀን ዐረፉ። የተቀበሩት በአዲስ አበባ በጉለሌ ነው።

ይህን ታሪክ ለምን በተማሪ መጽሔት አወጣነው? አገራችን ባለ እጅን ስትንቅ የኖረች አገር ናት። ብረት የሚያቀልጠውን ቡዳ፣ ቆዳ የሚፍቀውን ፋቂ እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። ዐዋጁ ስድቡን ቀነሰው እንጂ ንቀቱን አላጠፋውም። እኛም የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ነገሩን ከመጽሐፍ ካወቅነው ያወቅነው ይመስለናል፤ እጁ በዘይት የተለወሰውን ሰው በቃሊቲ ጋራዥ ስናይ ስለ ታሪክ የሚነግረን ነገር ያለው አይመስለንም። የአገራችንን ክብር በአየር ላይ የያዙት ሰው ግን ከእንዲህ ያለ ጋራዥ የወጡ ነበሩ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ኅብረታችን የእኛንና የምሕንድስና ተማሪዎችን አቀናጅቶ፣ ክንፏ ከአንድ ክንድ ብዙም የማይበልጥ የፀሐይን አምሳያ ያሠራ። ለአጥንቷ ቀርከሃ፣ ለልብሷ ስስ ወረቀት፣ ለሞተሯ የተጠመዘዘ ላስቲክ ይበቃል። ታሪኩን እኛ እንፈልግ፣ ልኩን እነርሱ ያስሉ፤ አጥንቱን ግን ሁላችንም እንቁረጥ። ያለቀች ዕለት ወደ አቃቂ ይዘናት እንውረድና እንልቀቃት። በመጀመሪያው ቀን ልትወድቅ ትችላለች፤ ብትወድቅ ክብደቷ ወደ ጭራ አድልቶ እንደሆነ እናያለን፣ አስተካክለንም በማግስቱ እንለቃታለን።