የኩሲው ጌታ ሰባተኛው አንገራን

በሰሜን ፈረንሳይ የነበረው የኩሲ ግንብ በሙያችን ሰዎች ዘንድ የሚታወሰው፣ ሦስተኛው አንገራን በ13ኛው ምዕተ ዓመት ባሠራው፣ 54 ሜትር ያህል ከፍታ በነበረው ክብ ማማው ነው። እ.ኤ.አ. በ1340 ገደማ የተወለደው ሰባተኛው አንገራን ግንቡን የወረሰው ገና በልጅነቱ ነበር።

በእንግሊዞች ተማርኮ የነበረው የፈረንሳይ ንጉሥ ዣን በ1360 ሲለቀቅ፣ አንገራን በመያዣነት ወደ እንግሊዝ ከተላኩት መኳንንት አንዱ ሆነ። በዚያም ሳለ፣ በ1365፣ የንጉሥ ኤድዋርድን የመጀመሪያ ሴት ልጅ ኢዛቤላን አገባ፤ በማግሥቱ ዓመት የቤድፎርድ ኧርል ተባለ። ጦርነቱ በ1369 እንደ ገና ሲነሣ ግን ዐማቱንም ሆነ የአገሩን ንጉሥ መውጋት አልሆነለትም፤ ወደ ኢጣሊያ ሄዶ ተዋጋ። የኦስትሪያ ተወላጅ በነበረችው እናቱ በኩል ይገባኛል ያለውን ርስት ለማስመለስም በ1375 ወደ ስዊስ ምድር ዘምቶ ሳይቀናው ተመለሰ።

ኤድዋርድ በ1377 ሲሞት አንገራን የእንግሊዝ ማዕረጉን መልሶ ለፈረንሳይ ታማኝ ሆነ። ውሳኔው የሚያስከብር ቢሆንም ዋጋው ከባድ ነበር፤ ትልቋ ልጁ ማሪ በፈረንሳይ ስትቀር፣ ታናሿ ፊሊፓ ከእናቷ ጋር በእንግሊዝ ቀረች።

በ1396 በኒኮፖሊስ ጦርነት በቱርኮች ተማርኮ፣ በ1397 በቡርሳ በእስር ላይ ሳለ ሞተ። ሕጋዊ ወንድ ልጅ አልነበረውምና፣ ማሪ ግዛቱን በ1400 ለኦርሌያን መስፍን ሸጠች። ማማውን በ1917 የጀርመን ጦር በፈንጂ አፈረሰው።