አግሪፒና ቫጋኖቫ፤ እጅ እንዲናገር ያስተማረች መምህርት

ባሌት የሚባለውን የአውሮፓ ጭፈራ በሲኒማ ያየ ሰው አስቀድሞ የሚደነቀው በእግር ነው። በጣት ጫፍ መቆሙ፥ እንደ እንዝርት መሽከርከሩ፥ ከመሬት ተነሥቶ መዝለሉ ዓይንን ይስባል። ጭፈራውን ከጂምናስቲክ የሚለየው ግን ከወገብ በላይ ያለው አካል ነው። ይህን በትምህርት ሥርዓት ካስቀመጡት ሰዎች መካከል ስሟ ቀድሞ የሚነሣው ሩሲያዊቷ አግሪፒና ቫጋኖቫ ናት።

ቫጋኖቫ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1879 ዓ.ም. በፒተርስቡርግ ተወለደች። አባቷ በማሪንስኪ ቴያትር ተመልካቾችን ወደ ወንበራቸው የሚመራ ዝቅተኛ ሠራተኛ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ የቴያትር ትምህርት ቤት ተምራ በ1897 ስትጨርስ፥ በዚያው ቴያትር በኅብረት ከሚጨፍሩት ጋራ ተመደበች። መልኳና ቁመናዋ የተረት ልዕልት ለመሆን የሚያበቃ አልነበረም፤ የጭፈራው አለቃ ማሪዩስ ፔቲፓም አልወደዳትም። በዝላይና በእግር ሥራ ግን የሚስተካከላት ጥቂት ነበር። የባሌሪና ማዕርግ ያገኘችው በ1915 ነው፤ በማግሥቱ ዓመት ጡረታ ወጣች። ዐሥራ ስምንት ዓመት የተጠበቀ ሹመት አንድ ዓመት ብቻ አገለገለ ማለት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ተማሮ በተቀመጠ። እርሷ ግን በእነዚያ ዓመታት የራሷን አካልና የሌሎችን አጨፋፈር ስትመረምር ቈይታ ነበር። የፈረንሳዮቹ ስልት እጅን ለስላሳና ክብ ያደርጋል፤ ነገር ግን ማስመሰል ይበዛበታል። የኢጣሊያኖቹ ብርታት ይሰጣል፥ እጁ ግን ይደርቃል። ቫጋኖቫ ከሁለቱም የሚጠቅመውን መርጣ አዋሐደች።

በ1921 በቀድሞ ትምህርት ቤቷ ማስተማር ጀመረች። ጊዜው አብዮቱ ገና ያልበረደበት፥ ባሌት የቤተ መንግሥት መጫወቻ ስለ ሆነ ይቅር የሚሉ ሰዎች የበዙበት ነበር። ክርክሩን የመለሰችው በተማሪዎቿ ነው።

ትምህርቷ እንዲህ ነው። የእጅ እንቅስቃሴ የሚነሣው ከጣት ሳይሆን ከጀርባ ነው፤ ጀርባው ካልጠነከረ እጁ አይለሰልስም። ክርን ሳይወድቅና ሳይሾል የክንዱን ክብ መሥመር ይደግፋል። ጣቶች ይሰበሰባሉ እንጂ አይጨበጡም። ራስና ዓይን እጅን ይከተላሉ፤ ዓይን የረሳው እጅ የተሰቀለ ልብስ ይመስላልና። ለዚህም ፖር ደ ብራ የሚባሉ ስድስት ልምምዶችን በተራ አስቀመጠች፤ ከቀላሉ ተነሥተው ወገብን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያጐነበሱ ይከብዳሉ። ደግሞም እጅ ጌጥ ብቻ አይደለም። በመሽከርከር ጊዜ ጉልበት የሚጨምረው፥ በዝላይ ጊዜ አካልን ወደ ላይ የሚያግዘው እርሱ ነው። በእኔ አስተያየት ትልቁ ብልኀቷ ይህ ነው፤ ውበትንና ጉልበትን ለያይታ አላስተማረችም።

ይህን ሁሉ በ1934 በመጽሐፍ አሳተመች፤ በ1946 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ። እርሷ በ1951 ሞተች፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱ በስሟ ተጠራ።

ከተማሪዎቿ ማሪና ሴምዮኖቫ በ1925፥ ናታልያ ዱዲንስካያ በ1931 ተመረቁ። በመካከላቸው በ1928 የወጣችው ጋሊና ኡላኖቫ፥ በ1940 በሌኒንግራድ የሼክስፒርን ጁልዬት ስትጫወት፥ ሰው ያወራው ስለ እግሯ አልነበረም፤ ስለ አንገቷና ስለ እጆቿ ነበር እንጂ።