የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስደትና የመንገደኞች ዜና

ሰው መንገድ ሲሄድ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ድካሙን የሚረሳበት ጨዋታ ይሻል። ከዲላ፣ ከወናጎ ወይም ከይርጋ ጨፌ ተነሥተው ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ቁልቢ የሚሄዱ ምእመናንም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ስለ ስለቱ፣ ሁለተኛው ስለ ቡናው ዋጋ፣ ሦስተኛውም ስለ ጎረቤቱ ነውር ያወራል። እንግዲህ ወደ ተቀደሰ ቦታ የሚሄድ ሰው በአንደበቱ ምን ይዞ ይሄዳል? ምንስ ይዞ ይመለሳል? ይህን ልንመረምር ይገባናል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1400 ዓመት የሞተው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር፣ ወደ ካንተርበሪ ወደ ቶማስ ቤኬት መቃብር የሚሄዱ መንገደኞች በየተራ ተረት ሲያወሩ የሚያሳይ መጽሐፍ ጽፏል። ከሁሉ የበለጠ ላወራ ሰው የተመደበለት ዋጋ የእራት ግብዣ ነበር። ከተረቶቹም መካከል ምክር ያለባቸው አሉ፤ ለዛና ፌዝ ብቻ የሆኑም አሉ።

ቾሰር ገና ልጅ ሳለ፣ ከአገራችን የወጡ መንገደኞች በሌላ ምድር ይንከራተቱ ነበር። መሪያቸው አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ናቸው። ጻድቁ በ1265 ዓ.ም. ገደማ ከአባታቸው ከክርስቶስ ሞዐ፣ ከእናታቸውም ከስነ ሕይወት ተወለዱ። የሕፃንነት ስማቸው ማዕቀበ እግዚእ ይባል ነበር። በገርዓልታ በደብረ ማርያም ከአበ ምኔቱ ከአጎታቸው ከአባ ዳንኤል ዘንድ ተምረው መነኰሱ። ከዚያም ወደ ሠራዬ ሄደው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ። ከመኳንንት ስጦታ እንዳይቀበሉ፣ በእጃቸው ሥራ እንዲኖሩ፣ ቀዳሚት ሰንበትንም ከእሑድ ጋራ አስተባብረው እንዲያከብሩ ያስተምሯቸው ነበር።

በሰንበት ነገር ክርክር በጸናባቸው ጊዜ፣ በ1330 ዓ.ም. ገደማ፣ አባ አብሳዲን በቀሩት መነኰሳት ላይ ሹመው ጥቂቶቹን አስከትለው ወጡ። በግብጽ ፓትርያርኩን አባ ብንያሚንን አገኙ፤ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ በቆጵሮስ በኩል አልፈው አርመን አገር ደረሱ። ገድላቸው ባሕሩን በመጐናጸፊያቸው ላይ ሆነው እንደ ተሻገሩ ይናገራል፤ ሠዓሊዎቻችንም ይህንኑ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ይሥሉታል። በአርመን ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ከተቀመጡ በኋላ በ1345 ዓ.ም. መስከረም 18 ቀን ዐረፉ። አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ አስታዋሽ ባጣ መቃብር በተቀበረ ነበር። ነገር ግን ከተከተሏቸው ባኪሞስ፣ መርቆሬዎስና ገብረ ኢየሱስ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ወርቅ ወይም ሐር አልያዙም፤ የያዙት ያዩትንና የሰሙትን ነው። በአገር ቤት የቀሩት ወንድሞችም መምህራቸው በባዕድ ምድር እስከ ሞት እንደ ጸኑ በሰሙ ጊዜ በረቱ። ገብረ ኢየሱስ በእንፍራዝ ደብረ ሳንን መሠረተ፤ የአባ አብሳዲ ደቀ መዝሙር አባ ፊልጶስም ደብረ ቢዘንን አቀና። ከጻድቁ ዕረፍት መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1442 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰበው ጉባኤ የሁለቱን ሰንበታት ክብር አጸና፤ ተለያይተው የነበሩትም ታረቁ።

እነሆ፣ የመንገደኛ ወሬ ምን ያህል ኀይል እንዳለው አስተውሉ! ሦስቱ መነኰሳት በየማደሪያው ተረት ሲያወሩ ከርመው፣ የመምህራቸውንም ነገር ረስተው ቢመለሱ ኖሮ እኛ ዛሬ ምን እናውቅ ነበር?

ይህን ስንል ሳቅና ጨዋታ በመንገድ ይከልከል ማለታችን አይደለም፤ የደከመ ሰው በመልካም ጨዋታ ይበረታል። ነገር ግን ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ስለ ጌታ ሲነጋገሩ ጌታ ራሱ እንደ መንገደኛ መጥቶ ተቀላቀላቸው፤ ሰውን ሲያሙ ቢሆን ኖሮ ግን ማን ይቀላቀላቸው ነበር? ስለዚህ ካህናት ሆይ፣ ከምእመናን ጋራ ስትጓዙ የቅዱሳኑን ዜና ንገሯቸው። እናንተም ምእመናን፣ ከቁልቢም ሆነ ከሌላ ደብር ስትመለሱ ለልጆቻችሁ ከጠበሉና ከእምነቱ ጋራ የሰማችሁትን መልካም ነገር አድርሱላቸው።

የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ጸሎታቸውና በረከታቸው ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን።