የእንዶዱ ሰው፦ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ያደገ ሰው እንዶድን ሳያውቅ አይቀርም። አጥር ላይ ይበቅላል፤ በኦሮምኛ ሃንዶዴ ይባላል። እኔም ሰበታ ሳድግ አያቴ ፍሬውን ወቅጣ ጋቢ ስታጥብበት አይ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ለኮሶ ትጠጣው ነበር። ከጓሮ የመጣ ነገር መቼም ሰው አይጎዳም ብዬ ነው ያደግኩት። ይህን ሐሳቤን ያስቀየረኝ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ። የዶክትሬት ትምህርታቸውን አሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ተመለሱ። በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የቢልሃርዝያ ትል የምታድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ውሃ የገባውን ሰው ቆዳ በስታ ትገባለች። እንቁላሎቿ ጉበት ውስጥ ተሰንቅረው ጠባሳ ያስቀራሉ።

የሚገርመው መድኃኒቱም ጉበት የሚጎዳ መሆኑ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ሕመምተኛው የሚወጋው አንቲሞኒ ያለበት መርፌ ነው፤ አንቲሞኒ ደግሞ ልብንና ጉበትን የሚመርዝ ማዕድን ነው። ቀንድ አውጣ ለመግደል ውሃ ላይ ይረጭ የነበረው መዳብ ሰልፌትም ቢሆን፣ መዳቡ ሲበዛ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ሌሎቹ ኬሚካሎች ከውጭ በውድ ዋጋ ይገዛሉ። እንዶድ ግን ደጃችን ላይ ነበር።

አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት ያህል በተደረገው ሙከራ በትናንሽ ልጆች ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሆኖም ዓለም አቀፍ ተቋማት እንዶድን አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው በታወቁ ላቦራቶሪዎች በእንስሳት ላይ አልተፈተሸም የሚል ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ተገቢ ነው። በእንዲህ ዓይነት ፍተሻ አይጦች በተለያየ መጠን ይሰጣቸዋል፤ ደማቸው ይመረመራል፤ ጉበታቸው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የተዋጠ ነገር ከአንጀት ቀድሞ የሚደርሰው ጉበት ጋ ነውና መርዝ ብዙ ጊዜ እዚያ ምልክቱን ይተዋል። የሚያሳዝነው ግን ፍተሻው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መሆኑና በኢትዮጵያ ላቦራቶሪ የተገኘው ውጤት ብቻውን አለመታመኑ ነው። ለዓመታት እንዶዱም ሕፃናቱም ጠበቁ።

በመጨረሻ በካናዳ ድጋፍ ፍተሻው ተካሄደ፤ ውጤቱም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታተመ። እንዶድ ዓይንን ክፉኛ እንደሚያስቆጣ ታየ፤ ለቀንድ አውጣ በሚረጨው መጠን ግን ለሰው የሚያሰጋ ሆኖ አልተገኘም። ዓሣ ግን ይገድላል።

አክሊሉ ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። በ1997 አረፉ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ጎረቤታችን የምትጠጣው እንዶድ መጠኑ ሲያልፍ ሰው ሊገድል እንደሚችል ያወቅኩት ይህን ታሪክ ስከታተል ነው። የአድዋ ሴቶች ልማድ ለአክሊሉ ጥያቄ ሆናቸው እንጂ መልስ አልሆናቸውም፤ መልሱን ለማግኘት ዕድሜያቸውን ሰጡ። እኛም ስለ ባህል መድኃኒት ዜና ስንሠራ፣ ይሠራል ወይ ብለን ብቻ አናቁም። በምን ያህል መጠን ይጎዳል፣ ማንስ ፈተሸው ብለን እንጠይቅ።