ኢብኑል ሀይሠም፦ ያለ አዛዥ የሠራ ሰው



የፈተና ፕሮግራም ካልተለጠፈ ደብተር የማንከፍት ብዙዎች ነን። ለዚህ እትም የኢብኑል ሀይሠምን (ረሒመሁላህ) ታሪክ የመረጥነውም ራሳችንን ታዝበን ነው።

አቡ ዓሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም እ.ኤ.አ. በ965 ዒራቅ ውስጥ በበስራ ከተማ ተወለደ። ታሪክ ጸሐፊው አል-ቂፍጢ እንደሚተርከው፣ የዓባይን ሙላትና ጉድለት መቆጣጠር እንደሚቻል መናገሩ ካይሮ ድረስ ተሰማ። የፋጢሚዮቹ ገዢ አል-ሐኪምም አስጠራው። ሠራተኞች ይዞ ወደ ደቡብ ሲጓዝ የጥንት ግብፃውያንን ግዙፍ ሕንፃዎች አየ። እንዲህ ያለ ጥበብ የነበራቸው ሰዎች፣ ቢቻል ኖሮ እነሱው ይሠሩት ነበር ብሎ አሰበ። አስዋን አካባቢ ደርሶ ወንዙን ከመረመረ በኋላም እንደማይሆን ገባው፤ ተመልሶ አፍሮ አመነ። (የእኛው ዓባይ ስንቱን ፈተነ!)

ገዢው ግን ሹመት ሰጠው። አል-ሐኪም ሰው ለማስገደል ሰበብ የማይፈልግ ነበርና፣ ኢብኑል ሀይሠም ፈርቶ ያበደ መሰለ። ንብረቱ ተያዘ፣ ቤቱ ውስጥም ተዘጋበት። በ1021 አል-ሐኪም ሲያልፍ እብደቱም አብሮ አለፈ።

እኛን የነካን ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮው ነው። ሌላ ሹመት አልፈለገም፤ በአዝሐር መስጂድ ደጃፍ አጠገብ ተቀመጠ። በዓመት የዩክሊድን ጂኦሜትሪና የቶለሚን አልማጀስት ጨምሮ ሦስት ሥራዎችን በእጁ ገልብጦ በ150 ዲናር ይሸጣል። የዓመት ቀለቡ ያ ብቻ ነው። ሌላው ጊዜ የራሱ ነው።

በዚያ ጊዜ ምን ሠራ? ገልብጦ በሚሸጠው በቶለሚ ላይ ያሉትን ጥርጣሬዎች ዘርዝሮ መጽሐፍ ጻፈ! ማንም አላዘዘውም፤ እንዲያውም ገበያው የሚፈልገው ቶለሚን እንጂ የቶለሚን ስሕተት አልነበረም። እኛ እንደምናየው እንጀራው ከቅጂው፣ ብርታቱ ግን ከጥያቄው ነበር። ኒያው ከደሞዙ ጋር አልታሰረም።

ስሙን ያስጠራው ሰባት ክፍል ያለው ኪታቡል መናዚር ነው። እዚያ ውስጥ ካሉት ሙከራዎች አንዱ ቀላል ነው፦ ብዙ መብራቶች በአንድ ቀዳዳ ፊት ለፊት ይደረደራሉ፤ ከቀዳዳው ወዲያ ባለው ጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ የየራሳቸው ብርሃን ይታያል። አንዱን መብራት ስንከልል የእሱ ብርሃን ብቻ ይጠፋል፤ ስንገልጠው ይመለሳል። ስለዚህ ብርሃኖቹ በቀዳዳው ሲያልፉ አይደባለቁም ማለት ነው።

ዶርም ውስጥ መብራት የጠፋ ቀን ሦስት ሻማና የተበሳ ካርቶን ይበቃል።