ጥላሁን ገሠሠና የአጎቴ ሸክላዎች

ጎባ የሚኖረው አጎቴ የጥላሁን ገሠሠን ሸክላ ማጠራቀም የጀመረው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ክረምት ሲገባ የጎባ ጉም የካርቶን ሽፋናቸውን እንዳያሻግተው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያኖራቸዋል። ማጫወቻው መርፌ ካጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ዘፈኖቹን አሁን የሚሰማው በስልክ ነው። ሸክላዎቹን ግን ሽጥ ቢሉት እሺ አይልም። ውድ አንባብያን፣ የዘፋኙን ሕይወት መጀመሪያ የነገረኝ እሱ ነው።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። ያደገው ግን ወሊሶ አያቱ ዘንድ ነው፤ የተማረውም እዚያው ራስ ጎበና ትምህርት ቤት። አያቱ የፈለጉት ትምህርቱን እንጂ ዘፈኑን አልነበረም። (የማን ወላጅ ይፈልጋል!) የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር፣ ሚስተር ሸዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ ግን ዝንባሌውን አይተው አዲስ አበባ ሄዶ እንዲሞክር መከሩት። የሀገር ፍቅር ከያንያን ለትርኢት ወሊሶ ሲመጡ ደግሞ ከእዮኤል ዮሐንስ ጋር ተነጋገረ። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው! በእግሩ ተነሥቶ ቱሉ ቦሎ ደረሰና ዘመድ ቤት አደረ። አያቱ ተከትለው መለሱት። አንድ ሌሊት ብቻ ወሊሶ አድሮ፣ ጭነት መኪና ላይ ተሸሽጎ እንደገና ጠፋ።

ሀገር ፍቅር ቀጠረው። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረና ስሙ ገነነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክቡር ዘበኛ የተመራው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ ግን እሱም ታሠረ። የፍቅር እንጉርጉሮ ተብሎ የተዘፈነውን ሕዝቡ ሰምና ወርቁን ለይቶ ይፈታው ስለነበር፣ ባለሥልጣናቱም በጥርጣሬ ነበር የሚያዳምጡት። ከተፈታ በኋላ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው መድረክ ለብዙ ዘመን ዘፈነ። በኦሮምኛም ዘፍኗል፤ እዚህ ባሌ የሚወደደው በሁለቱም ቋንቋ ነው።

የሸክላው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በአንድ ሸክላ ሁለት ዘፈን፣ በየገጹ አንድ አንድ። በኋላ ካሴት መጣና ሸክላው ቀረ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እነዚህን አሮጌ ሸክላዎች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በሲዲ ሲያወጣቸው 17ኛውን የሰጠው ለጥላሁን ነው። አጎቴ ይህን ስነግረው እኔ ቀድሜዋለሁ አለ።

ጥላሁን በስኳር በሽታ እግሩ ከተቆረጠ በኋላ እንኳ መድረክ ላይ ወጥቷል። ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ነው፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። አጎቴ ያን ዕለት ዶሮውን አልቀመሰም።

ባለፈው የማስተማር ልምምዴ ላይ አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ዴስኩን እየመታ ሲያንጎራጉር ከክፍል አስወጥቼው ነበር። ይህን ለአጎቴ አጫወትኩት። ድምፁ እንዴት ነው አለኝ። ደህና ነው አልኩት። ስሙስ ማን ይባላል አለኝ። አልጠየቅሁትም ነበር።